ከብላክሊስት «ከፍሎ መውጣት»፦ ተረቱና እውነታው

ነጭ ቦሎቄ ከአዳማ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅትም ሆነ በአቦምሳ ዙሪያ ሽንኩርትና ፍራፍሬ የሚያቀርብ ነጋዴ፣ ዛሬ ፕሮፎርማውን የሚልከው በኢሜይል ነው። አንድ ቀን መልእክቱ ተመልሶ ይመጣና ሰርቨሩ ብላክሊስት ውስጥ መግባቱ ይታወቃል። ያኔ «መላ አለኝ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ «ትንሽ ክፈሉና አስወጣችኋለሁ፣ በዚያው ያልቃል» ይላል።

አያልቅም።

ለነገሩ እምነቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ብላክሊስት የሚባለው አንድ መዝገብ ሳይሆን፣ ስፓም (ያልተፈለገ የጅምላ መልእክት) ይልካሉ የተባሉ ሰርቨሮችን ለመለየት የተለያዩ ድርጅቶች የሚያዘጋጁት ብዙ ዝርዝር ነው፤ ከእነዚህም እንደ ዩሲኢፕሮቴክት ያሉት በፍጥነት ለመሰረዝ ያስከፍላሉ። ይኸው ዝርዝር አንዳንዴ የአንድን የኢንተርኔት አቅራቢ መረብ በሙሉ ስለሚመዘግብ፣ አንዳች ያላጠፋ ደንበኛም ስሙ ሊገባ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተውና በብዙ የኢሜይል ሰርቨሮች የሚታመነው ስፓምሃውስ ግን ለመሰረዝ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። በስፓምሃውስ ስም ገንዘብ የሚቀበል ሰው በነፃ የሚገኘውን እየሸጠ ነው።

የገንዘቡስ ይሁን። የከፋው ጉዳት ሌላ ነው፤ ክፍያው ምክንያቱን ሸፍኖ ያልፋል። አንድ ሰርቨር ብላክሊስት ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ የአንድ ሠራተኛ የይለፍ ቃል ተሰርቆ፣ ወይም የቢሮ ኮምፒውተር በቫይረስ ተይዞ በሺዎች የሚቆጠር ስፓም ሲላክ ነው። የሰው ሳጥን ውስጥ የገባ ሌባ ደግሞ ስፓም ልኮ ብቻ ላይተው ይችላል። ደብዳቤዎቹን ያነባል፣ ፕሮፎርማ እስኪላክ ይጠብቃል፣ ከዚያ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ቀይሮ ለገዢው ይልካል። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በዚህ ዓይነት ማጭበርበር 2.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መጥፋቱን መዝግቧል። ሌባው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ስሙን ከዝርዝር አስፍቆ «ተስተካክሏል» ብሎ የሚሄድ «ባለሙያ» ነጋዴውን ለባሰ ኪሳራ አሳልፎ ይሰጠዋል። ስፓሙ ካልቆመም ስሙ ተመልሶ ይመዘገባል፤ ክፍያውም እንደገና ይጠየቃል።

መጀመሪያ መነበብ ያለበት የተመለሰው መልእክት ራሱ ነው። በ5 የሚጀምር ቁጥር መልእክቱ ፈጽሞ ተቀባይነት ማጣቱን ያሳያል፤ በ4 የሚጀምር ከሆነ እንቢታው ጊዜያዊ ነውና ሰርቨሩ ራሱ ደግሞ ይሞክራል። የከለከለው ዝርዝር ስምም ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ የይለፍ ቃል መቀየር፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራትና ሌባው ትቶት የሄደ፣ ደብዳቤዎችን ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ እንዳለ መፈተሽ ይከተላል። ይሰረዝልኝ የሚለው ጥያቄ የሚቀርበው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሰርቨሩ ከሌሎች ደንበኞች ጋር የሚጋሩት ከሆነ ጥፋቱ የጎረቤት ሊሆን ይችላልና፣ ሆስቲንግ የሚሸጠው ድርጅት የተመለሰው መልእክት ተያይዞለት በጽሑፍ ይጠየቅ።

የቢሮ ኢንተርኔት አድራሻ ፒቢኤል በተባለው የስፓምሃውስ ዝርዝር ውስጥ ተገኘ ተብሎ መደናገጥም አያስፈልግም። ያ ዝርዝር ክስ አይደለም። ተራ የደንበኛ መስመሮች ያለ ሰርቨር በቀጥታ ኢሜይል እንዳይልኩ የሚከለክል ደንብ ነው፤ በይለፍ ቃል በኢሜይል ሰርቨር በኩል የሚልክን ሰው አይነካም።

«አዲስ ዶሜይን እንግዛ» የሚሉም አሉ። ትናንት የተመዘገበ ስም ግን ምንም ታሪክ ስለሌለው ማጣሪያዎች ይበልጥ ይጠራጠሩታል።

«ካልተመለሰ ደርሷል» የሚለውም ስሕተት ነው፤ በዝምታ ስፓም ሳጥን ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ ከማንኛውም ላኪ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም የተባለውን የዶሜይን ማረጋገጫ ይጠይቃሉ፤ በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል የሚልክ ሁለቱንም ዲማርክ ከተባለው ተጨማሪ ማረጋገጫ ጋር ማሟላት አለበት። ሆስቲንግ የቀየረ ድርጅት በተለይ ኤስፒኤፉን ያስፈትሽ፤ አዲሱ ሰርቨር እዚያ ካልተጻፈ የድርጅቱ የራሱ ኢሜይል እንደ ሐሰተኛ ሊታይ ይችላል።