ያውቁ ኖሯል? ከባንኮክ ሰገነት በላይ ያለው የመንዝ ጠላ ቤት

የባንኮኩ ዝነኛ ምግብ ቤት «ሲሮኮ» በ63ኛ ፎቅ ጣሪያ ላይ ነው። ሕንፃው ቁመቱ 247 ሜትር ገደማ ቢሆንም ከተማዋ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ አትልም። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ላይ ግን ሊፍት ሳያሻዎት ጠላ ቤት ገብተው መደብ ላይ ቁጭ ሲሉ ከፍታዎ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ማስታወቂያውም ደጃፉ ላይ በቆመ እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ነው።

የመንዝን ብርድ የሚችለው ግን አረቄ ነው። በጌሾና በብቅል የተጠነሰሰው ድፍድፍ በእንስራ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ዘንድ ሲደርስ ጠብ ጠብ ይላል። ውኃው ለብ ባለ ቁጥር መለወጥ አለበት፤ እሳቱም ከበረታ ድፍድፉ ያርና አረቄው ጭስ ጭስ ይላል። ባለሙያዋ ከምድጃው የማትርቀው ለዚህ ነው። አንዴ የወጣውን መልሰው ሲያወጡት «ዳግም» ይባላል። የሚቀዳው በመለኪያ ነው፤ ትንሽነቷን አይናቁ!

ማደር ካሰቡ የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሎጅ አለ። ጎረቤቶቹ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ናቸው።