የቤቱ ባለ ሞያ ማን ነበረች?

ከቤትዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስፌት፣ ወይም ከቁም ሣጥን አናት ላይ የተቀመጠ የጥንት ሞሰብ ይኖር ይሆን? ካለ፣ የሠራችው ሴት ማን እንደ ነበረች ያውቃሉ? ጥያቄውን ያለ ምክንያት አላነሣሁም። ሰሞኑን ለሥራ ጉዳይ ሐረር ሄጄ፣ ጀጎል ውስጥ ታድሶ ለጎብኚ ክፍት የሆነ አንድ ጥንታዊ ቤት አይቼ ስመለስ ይዤው የመጣሁት ጥያቄ ነው።

የጀጎልን ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። ከተማዋ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍራለች። ስለ ግንቡና ስለ በሮቹ ብዙ ተብሏል። እኔ ግን ዛሬ ላጫውትዎ የምፈልገው ሐረሪዎች «ጌይ ጋር» ስለሚሉት፣ የከተማ ቤት ማለታቸው ነው፣ ስለ ቤተሰብ መኖሪያው ነው።

ከጠባቡ መንገድ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ በመጀመሪያ ግቢውን፣ ቀጥሎም ዋናውን ክፍል ያገኛሉ። ወለሉ ከፍና ዝቅ ብለው በተሠሩ አምስት መደቦች የተከፋፈለ ነው። ነደባ ይባላሉ። ሰው የሚቀመጠው እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ሲሆን፣ «አሚር ነደባ» የሚባለው የአባወራው ነው። መደቦቹ በቀይ አፈር የተቀቡ ናቸው። ቀለሙ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ተብሎ ይነገራል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካዩ፣ ከቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ መኖሯን ማመልከቻ ነበር ይባላል። ከጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ ኪርታት ትባላለች፤ ሙሽሮች ለአንድ ሳምንት ያህል ሳይወጡ የሚሰነብቱባት ነበረች። ግድግዳው እስከ ጣራው ድረስ በስፌት አጊጧል።

የቤቱ እመቤት ቡና አፍልተው ሲያጫውቱኝ፣ እድሳቱ በቀላሉ እንዳልተሳካ ነገሩኝ። ቤቱ የተሠራው በድንጋይና በጭቃ ነው። መጀመሪያ ሲታደስ ግን ይጠነክራል ተብሎ በሲሚንቶ ተለሰነ። ክረምቱ ሲገባ የጭቃው ግድግዳ የጠጣውን እርጥበት ሲሚንቶው አላስወጣ አለ። ልስኑ አበጠ፤ ከዚያም እየተቀረፈ ወደቀ። ስፌቶቹም ከጀርባቸው መሻገት ጀመሩ።

«አማቴ በዚያን ጊዜ ከአልጋ አይነሡም ነበር» አሉኝ። «ሽታው ሲደርሳቸው ‹ቤቱን እኮ አፈናችሁት› አሉን። ሲሚንቶውን አስፈነቀሉን። የተነፋውን አፈር በሳሕን አድርገን እናቀርብላቸዋለን፤ በጣታቸው አሸት አድርገው ‹ገና ነው› ይላሉ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ‹አሁን ደርሷል፣ ለስኑ› አሉን። በላዩም ኖራ ቀባን። ይኸው ከዚያ ወዲህ አልተቀረፈም።»

አሮጊቷ ልስኑ ባለቀ በሁለተኛው ወር ዐረፉ። እመቤቲቱ ዝም ብለው ቆዩና፣ «አንድ ዓመት ቀድመውን ቢሄዱ ኖሮ ማንን እንጠይቅ ነበር?» አሉ።

ከፊት ለፊታችን ካሉት ስፌቶች አንደኛው፣ እሳቸው ሙሽራ ሳሉ ሰፍተው ለእኚሁ አማታቸው የሰጡት ነው። የሚመጣው ጎብኚ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ዋጋውን ይጠይቃል። ማን ሰፋው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በልጅነታቸው የሠፈር ልጃገረዶች ከአንዲት ባለ ሞያ እናት ቤት ተሰብስበው ስፌት ይማሩ ነበር።

«ልጅዎስ ትሰፋለች?» አልኳቸው።

«የእኔ ልጅ ነርስ ናት፤ ወስፌውን ትታ መርፌ ይዛለች» ብለው ሳቁ። «መማሯ አይቆጨኝም፣ ልጄ። የሚቆጨኝ ስጠራት ጊዜ የላት፣ ጊዜ ስታገኝ እኔ ረስቼው መገኘቴ ነው።»

የልስኑ አሠራር ተጽፎ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። አልተጻፈም ነበር። ከማስታወሻ ደብተሬ ሁለት ገጽ ገንጥዬ እሳቸው እየነገሩኝ ጻፍኩላቸው። አፈሩ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚነፋ፣ ስንት ቀን እንደሚቦካ። መድረሱ በምን ይታወቃል ስላቸው ግን አውራ ጣታቸውን ከሌባ ጣታቸው ጋር አሹና «እንዲህ ሲል ነው» አሉኝ። ይህን እንዴት አድርጌ ልጻፈው? ወረቀት የማይዘው ነገር አለ፤ ከእጅ ወደ እጅ ብቻ የሚተላለፍ።

እህት አንባቢዬ፣ እርስዎም ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት እንደሚሮጡ አውቃለሁ። እኔም እንዲሁ ነኝ። እናታችን ስታጠነጥን፣ ስትሰፋ፣ ድፍድፍ ስትደፈድፍ አጠገቧ እያለን «በኋላ እማራለሁ» ያላልን ስንቶቻችን ነን? ሙያው እንጀራችን ይሁን ማለቴ አይደለም፤ ልጆቻችንም ከትምህርታቸው ይስተጓጎሉ አልልም። ነገር ግን አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጅዎን ይዘው ከእናትዎ ወይም ከአማትዎ ዘንድ ይቀመጡ። ልጅቱ እጇን ከቡኮው ወይም ከስንደዶው ታግባ፤ ብታበላሸውም ግድ የለም። በቤትዎ ያለውንም ስፌት አውርደው፣ የሠራችውን ሴት ስምና የትውልድ አገሯን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ከጀርባው ይስፉበት።

እኔ ከሐረር እንደ ተመለስኩ የአያቴን ሞሰብ አወረድኩ። የአያቴን ስም ጻፍኩ። ክዳኑን የሰፋችው ግን ሌላ ሴት እንደ ነበረች እናቴ ነገረችኝ፤ ስሟን እሷም አታስታውሰውም።