መታወቂያው ሦስት ስም ያሳያል፤ ዝምድናው አራተኛው ላይ ነው

ዋሽንግተን የከተማ ስም ከመሆኑ በፊት የሰው ስም፣ የሰው ስም ከመሆኑም በፊት የመንደር ስም ነበር። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ቀድሞ በደርሃም አገር ሥር የነበረች ዋሽንግተን የምትባል መንደር አለች። በ12ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ መሬት የያዘ አንድ ባላባት በመንደሯ ስም ተጠራ። ስሙ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲወራረድ ቆይቶ ባሕር ተሻገረና የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዘንድ ደረሰ። ከእሱ ደግሞ ተመልሶ መሬት ላይ አረፈ፤ ዛሬ የስንቶቻችን ዘመዶች የሚኖሩባት ከተማ ሆነ። የፕሬዚዳንት ሊንከን ስምም እንዲሁ የአንድ የእንግሊዝ ከተማ ስም ነው።

እንግሊዞች የቤተሰብ ስም ይዘው አልተፈጠሩም። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች አገሪቱን ከያዙ በኋላ ነው ልማዱ ቀስ በቀስ የተስፋፋው፤ 1400 ሲቃረብ አብዛኛው ቤተሰብ የሚወረስ ስም ነበረው። ቀጥቃጩ ስሚዝ፣ ባለ ወፍጮው ሚለር፣ ልብስ ሰፊው ቴይለር ተባለ። ከመንደር የተገኙት ስሞች ግን ለእኔ ይበልጥ ይገርሙኛል። ሰው በተወለደበት መንደር ሳለ በመንደሩ ስም አይጠራም፤ ሁሉም የዚያው ሰው ነውና ምን ይለየዋል? ስሙን የሚያገኘው ለቆ ሲሄድ ነው። ትንሽ መንደር፣ ከዚያች የወጣ አንድ ሰው፣ ጥቂት ወንዶች ልጆች፤ እንዲህ ያለው ስም እስከ ዛሬ ብርቅ ሆኖ ይቀራል። ወንድ ልጅ ካልተወለደ ደግሞ ይጠፋል። ፍራንሲስ ጋልተንና ሄንሪ ዋትሰን የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1874 የቤተሰብ ስም እንዴት እንደሚጠፋ በሒሳብ አስልተው ጽፈዋል። ሒሳቡ ዛሬም ይሠራበታል።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጭንቀት የለም። የእያንዳንዱ ሰው ስም ሦስት ትውልድ ያህል ይኖራል፤ መጀመሪያ የራስ፣ ቀጥሎ የልጅ አባት፣ ቀጥሎ የልጅ ልጅ አያት ሆኖ ይጠራና ከወረቀት ይወርዳል። ሁሉም ስም ይጠፋል፤ ስለዚህ ማንም አያዝንም። ችግሩ የሚመጣው ወረቀቱ የሌላ አገር ሲሆን ነው።

ችግሩ ወደ ቤታችን የገባው አሜሪካ ያለችው የእህቴ ልጅ ስትወልድ ነው። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ደወለችልኝ። የልደት ወረቀቱ ላይ “የቤተሰብ ስም” የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ ምን ይጻፍ? የባሏ ፓስፖርት እንደ ብዙዎቻችን ፓስፖርት የራሱንና የአባቱን ስም አንድ ላይ፣ የአያቱን ስም ደግሞ በቤተሰብ ስም ቦታ አስቀምጧል። ልጁ የአባቱን የቤተሰብ ስም ይውረስ ከተባለ የሚደርሰው የቅድመ አያቱ ስም ነው። ሕያው ሆኖ አገር ቤት ሲጸልይለት የሰነበተው አያቱ፣ የልጁ የአባት አባት፣ ከስሙ ውስጥ ይወጣል። የባሏ ወንድም ደግሞ በሌላ ጊዜ በሌላ ወረቀት ሄዶ የአባቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎታል። የአንድ ማኅፀን ልጆች እዚያ አገር በስም አይተዋወቁም።

በዚህ ላይ የፊደሉ ጣጣ አለ። አንድ “ፀጋዬ” በላቲን ሲጻፍ ለአንዱ በ“ቲ ኤስ”፣ ለሌላው በ“ቲ” ብቻ ይጀምራል። “ገብረ” እና “ኃይለ” ያሉባቸው ስሞች ለሁለት ይከፈላሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱን እንኳ ፈረንጅ “ሴላሴ” ብሎ ሲጠራቸው ኖሯል። እንደ “አለኸኝ” ያለ በጎጃም የተለመደ ስም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። አባት ወይም እናት ለአንድ ወንድ ልጅ በአንድ ወቅት የተናገሩት ነው። ማስረሻ፣ ምትኩ፣ ካሳሁን ሲባል ከልጁ በፊት በቤቱ ሐዘን እንደነበረ የሰማ ሁሉ ያውቃል። ይህ ለልጅ ልጅ ሴት ልጅ የቤተሰብ ስም ሆኖ ሲለጠፍ ማንን እያናገረ እንደሆነ ይጠፋል።

ዓለም ሁሉ ግን እንደ እንግሊዝ አይደለም። አይስላንዶች እስከ ዛሬ በአባት ስም ነው የሚጠሩት፤ ወንዱ “የእገሌ ሰን”፣ ሴቷ “የእገሌ ዶቲር” ይባላሉ፤ የስልክ ማውጫቸውም እንደኛ በራስ ስም የተደረደረ ነው። ቱርኮች በአታቱርክ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1934 በሕግ ተገደው የቤተሰብ ስም አወጡ። እኛም ሕጉ አለን፤ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 32 ላይ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የራስ ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል። ሕጉ ከወጣ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የቤተ ዘመድ ስምህ ማነው ተብሎ የተጠየቀ ሰው ግን እኔ አላጋጠመኝም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲጀመርም የተጻፈው የለመድነው ሦስቱ ነው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም።

የእህቴ ልጅና ባሏ በመጨረሻ የልጁን አያት ስም የቤተሰብ ስም አድርገው፣ የአባትየውን ስም መሐል አስገቡ። ድምፃዊው አቤል መኮንን ተስፋዬም እንዲሁ ነው፤ ራሱ፣ አባቱ፣ አያቱ። ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም። ልጁ ሁለት ዓመት ሆኖት ወደ አገር ቤት ሲመጡ በአንድ የአውሮፓ አውሮፕላን ማረፊያ ሦስት የቤተሰብ ስም ያላቸው ሦስት ሰዎች ሆነው ተገኙ። እናት ከልጇ ጋር ለብቻዋ ቆማ እናት መሆኗን ስታስረዳ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀባት። እኔ ብሆን ግን እንደነሱ አደርግ ነበር። የልደት ወረቀቱን ግልባጭ ሁልጊዜ በቦርሳ መያዝ ይሻላል፤ ሁለተኛ ልጅ ሲመጣም ያንኑ ስም፣ በዚያው ፊደል፣ አንድም ሳይቀየር ማስጻፍ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ ዋናው ነገር ግን ከዚህ ይከብዳል። የእናቴ ወገኖች የግምጃ ቤት ሰዎች ናቸው። ግምጃ ቤት በአዊ ዞን የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ከተማ ነች። ግምጃ ማለት የከበረ ልብስ ነው፤ ግምጃ ቤት ደግሞ እንዲህ ያለው ንብረት የሚቀመጥበት ቤት፤ ጎንደር ቤተ መንግሥት ግቢ ያለችው ግምጃ ቤት ማርያምም ስሟ ከዚሁ ነው። የአዊ ሰው “ከየት ነህ?” ሲባል የሚመልሰው መልስ ከእንግሊዙ ተቃራኒ ነው። አባቶች እንደሚተርኩት ከዋግና ከላስታ በኩል የመጡ ሰባት ወንድማማቾች ነበሩ፦ አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ቻራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም። እያንዳንዳቸው የሰፈሩበት አገር በስማቸው ተጠራ። አንከሻ፣ ባንጃና ዚገም ዛሬ በወረዳ ስም፣ መተከል ደግሞ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል በዞን ስም ይታወቃሉ። እንግሊዝ መንደሩን ይዞት ሄደ፤ እዚህ ሰውየው መሬቱ ላይ ቀረ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 983 ሺህ ገደማ ሕዝብ የተቆጠረበት ዞን እስከ ዛሬ “ሰባት ቤት አገው” ይባላል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ሲሰለፍ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። የፈረስ ነገር ከተነሣ፣ አባ ዳኘውን፣ አባ ታጠቅን፣ አባ ነፍሶን ያወጣ ሕዝብ የስም ድሃ አይደለም። ስሙን ለልጅ የሚያወርስበት ወረቀት ብቻ ነው ያላበጀው።

“ሰባት ቤት” ሌላም ትርጉም አለው። እስከ ሰባት ትውልድ የሚገናኙ ሰዎች አይጋቡም። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያለ የሚሄደው ቆጠራ ለወግ ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌ የተላከ ዕለት ይፈተናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዘመዶቼ አንዱ ባሕር ዳር ሲማር አንዲት ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። ሁለቱም መታወቂያ አላቸው፣ ሁለቱም ሦስት ስም አላቸው፣ ከስድስቱ ስም አንድም የሚመሳሰል የለም። ሽማግሌ ከተላከ በኋላ የሁለቱ ወገን አዛውንቶች ተቀምጠው ቆጠሩ። አራተኛው ላይ ተገናኙ። በእሱ በኩል በአባት፣ በእሷ በኩል በእናቷ እናት ነበር። ነገሩ እዚያው ቆመ። ልጁ አሁን ሌላ አግብቶ ወልዷል። እሷ እስካሁን ለተዝካርም ለሠርግም ወደዚያ አገር አትመጣም፤ ስለ እሷ ሲነሳ አጎቴ አንገቱን ይደፋል።

ኮሪያውያን ይህን ችግር በቤተሰብ ስም ሊፈቱት ሞክረው ነበር። ከአምስት ኮሪያውያን አንዱ ኪም ነው። ተመሳሳይ ስምና ተመሳሳይ የትውልድ ሥር ያላቸው እንዳይጋቡ ሕግ ከልክሎ ነበር። ምንም ሥጋ የማያገናኛቸው፣ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት አንድ አባት ነበራቸው የተባሉ ባልና ሚስት ልጃቸውን ማስመዝገብ ሲቸገሩ ኖሩ። በመጨረሻ የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ድንጋጌውን ጣለው። የእናት ወገን ግን ያን ጊዜም በስሙ ውስጥ አልነበረም። የእንግሊዙም ስም ቢሆን የእኛን ሁለት ልጆች አያድናቸውም ነበር፤ ዝምድናቸው በሴት በኩል ነውና። ለዚህ ነው “እኛም የቤተሰብ ስም እናውጣ” የሚሉ ወዳጆቼን ሙሉ በሙሉ የማልቀበለው። ለአውሮፕላን ማረፊያ ይጠቅማል። ለሽማግሌ ግን አይጠቅምም።

ባለፈው ዓመት ለተዝካር ግምጃ ቤት ሄጄ ደብተር ይዤ ከአጎቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። በወንድ በኩል ያለማቋረጥ ዘጠኝ ቆጠረልኝ። በጣቱ አይደለም፤ እንደ ዳዊት ደጋሚ ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ “እዚህ ላይ አንከሻ ውስጥ ነን፤ ከዚህ በኋላ የመሬቱ ነው” አለኝ። በሴት በኩል ስጠይቀው ግን ሦስተኛው ላይ ቆመ። ዘወር ብሎ ቡና የምታፈላውን አክስቴን ተመለከተ።

አክስቴ ረከቦቱን ሳትለቅ ጀመረች። የእናቷን እናት፣ የእሷን እናት፣ ከየት ተድራ እንደመጣች፣ በስንት ላም፣ በማን ሠርግ ላይ ማን እንደተጣላ ሳይቀር። የአጎቴ ቆጠራ ስም ብቻ ነበር፤ የእሷ መንገድ አለው፣ ወንዝ አለው። ከአዘና የመጣችው፣ ከባንጃ የመጣችው፣ ወደ ዳንግላ ተድራ ሄዳ ሳትመለስ የቀረችው። ወንዶቹ በአንድ ቦታ ሲቆጠሩ ሴቶቹ ሰባቱን ቤት አዳርሰውታል። እኔ እየጻፍኩ ሦስተኛው ቡና ተጠጣ። አጎቴ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ “ይህን ሁሉ መቼ ነው የተማርሽው?” አላት። “እናንተ ውጭ ስትቀመጡ” አለችው።

ደብተሩን አዲስ አበባ ስመለስ ሁለት ዓምድ አድርጌ ገለበጥኩት፤ አንዱ በአባት፣ አንዱ በእናት። ፎቶ አንሥቼ አሜሪካ ላክሁ። የእህቴ ልጅ ለልጇ ታነብለታለች፤ ለጊዜው የገባው ስለ ላሞቹ ያለው ብቻ ነው። የአባት ዓምድ ሞልቷል። በእናት ዓምድ አምስተኛው ላይ ሁለት ቦታ ባዶ ነው፤ ሴቶቹ “የእገሌ ሚስት” ተብለው ብቻ ነው የሚታወሱት። አክስቴ አዘና ውስጥ አንዲት አሮጊት ታውቃለች። “ለዐቢይ ጾም ሳይገባ ነይ፤ ጆሮዋ ደክሟል፣ አፏ ግን ደህና ነው” ብላኛለች።