የቆዳ ነቀርሳ ከወጣ በኋላ ስለ ቁስሉ አጠባበቅ

ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በፒያሳ የሚወርደው ፀሐይ ብርቱ ነው፤ ከልደት ጀምሮ ቆዳቸው ቀለም የጎደለው ወገኖቻችንም ለቆዳ ነቀርሳ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ሐኪሙ ነቀርሳውን ቆርጦ ካወጣ በኋላ የቀረው ሥራ የቤተ ሰብ ነው።

ብዙ ሰው፥ ቁስል ነፋስ ሲያገኘው ቶሎ ይድናል ይላል። እኛ ግን ይህን አንቀበልም፤ አዲስ ቆዳ የሚያበቅሉት ሕዋሳት በርጥብ ስፍራ በቀላሉ ይስፋፋሉ፥ የደረቀ ቅርፊት ግን ያግዳቸዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ከፈቀደበት ቀን ጀምሮ እጅን ታጥቦ፥ ቁስሉን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ በቀስታ ማጠብ፥ ቫዝሊን መቀባትና በንጹሕ ፋሻ መሸፈን ይገባል። ቅቤና ቅጠል አይደረግበትም።

ቢደማ፥ ሳይገልጡ 20 ደቂቃ መጫን ነው። ደሙ እንቢ ካለ፥ ወይም መግልና ትኩሳት ከታየ፥ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ከዳነም በኋላ ባርኔጣ ከራስ አይለይ።