ዝም ያለ ፓምፕ ሁሉ አልተበላሸም

ሞተሪኖው ሞተሩን በደንብ እያዞረ መኪናው አልነሳ ካለ ባትሪውንና ሞተሪኖውን መጠርጠር ይቅር። የቀረው ቤንዚን፣ የካንዴላ ብልጭታ፣ አየርና ኮምፕሬሽን ነው፤ ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራ ባለኢንጄክተር ኮሮላ አልነሳ ሲል ጣት የሚቀሰረው ብዙ ጊዜ በቤንዚን ፓምፑ ላይ ነው፤ ቁልፉ ሲከፈት ከታንከሩ ድምፅ አልተሰማማ! ይህ ፍርድ የሚያከስረው ፓምፕ የማይበላሽ ዕቃ ስለሆነ ሳይሆን ዝምታው ለዚህ መኪና ማስረጃ ስለማይሆን ነው።

በብዙ መኪኖች ቁልፉ እንደተከፈተ ኮምፒውተሩ ፓምፑን ለ2 ሰከንድ ያህል ያሠራዋል፤ ጆሮ የለመደውም ያንን ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩ በርካታ ቶዮታዎች ግን ፓምፑ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ነው። ሪሌው ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚለቀው ሞተሪኖው ሲመታ፣ ከዚያም የሞተሩን መዞር የሚናገረው ምልክት ለኮምፒውተሩ እስከደረሰ ድረስ ነው። አሠራሩ ብልህነት አለበት፤ ሞተሩ በግጭት ቢጠፋ ቁልፉ ክፍት ቢሆንም ፓምፑ ቤንዚን መግፋቱን ያቆማል። ስለዚህ ማድመጥ የፈለገ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን እየመታለት ያድምጥ፤ ወይም ኮፈኑ ሥር ባለው የምርመራ ሳጥን «ፕላስ ቢ» እና «ኤፍ ፒ» የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ይክፈት። ፓምፑ ጮኸ ማለት ግን ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። ግፊቱ በጌጅ ሲለካ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ2.7 እስከ 3.1 ኪሎ ግራም ገደማ መድረስ አለበት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ብልጭታው ይታይ። ዲስትሪቢዩተር ባላቸው በእነዚህ ሞተሮች ብልጭታውም የኢንጄክተሩ መርጨትም የሚታዘዙት ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ካሉ የዙር ሴንሰሮች በሚመጣ ምልክት ነው። ሁለቱም በአንድ ጠዋት ከጠፉ፣ ሁለት ዕቃ አብሮ ተበላሸ ከማለት የሚጋሩትን ሴንሰር፣ ሪሌና ፊውዝ መፈተሽ ይቀድማል። የባሰ የሚያሳስትም አለ፤ ኢግናይተሩ የብልጭታውን ትእዛዝ መፈጸሙን የሚያረጋግጥ ምልክት ካልመለሰ ኮምፒውተሩ ራሱ የቤንዚኑን መርጨት ያቆማል። ያኔ ብልሽቱ የኢግኒሽን ሆኖ ሳለ መኪናው ቤንዚን ያጣ ይመስላል። በዚያው የምርመራ ሳጥን «ቲ ኢ 1» እና «ኢ 1» ሲገናኙ የሞተር መብራቱ ብልጭ እያለ ኮድ 12 ከቆጠረ የዙሩ፣ 14 ከቆጠረ የማረጋገጫው ምልክት ጠፍቷል ማለት ነው።

«ፓምፕ ቀይሮ መሞከር ከምርመራ ይፈጥናል» የሚል አይጠፋም። ይፈጥናል፤ ግን ያገለገለ ፓምፕ ተገጥሞ መኪናው አሁንም ካልነሳ፣ አዲስ የገባው ፓምፕም ራሱ ተጠርጣሪ ሆነ። «ኮድ ካልሰጠ ብልሽት የለም» የሚለውም አይጸናም፤ እነዚህ መኪኖች የቤንዚን ግፊት የሚለካ ሴንሰር ስለሌላቸው ኮምፒውተሩ ስለ ግፊቱ የሚያውቀው የለም። ቤንዚን በአየር ማስገቢያው አፍስሶ መሞከር ደግሞ ከካርቡሬተር ዘመን የተረፈ ክፉ ልማድ ነው፤ እሳት ያስነሳል። ባለቤቶችም ታንከሩ ሊደርቅ እስኪል መንዳቱን ቢተዉ ይበጃቸዋል፤ ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው የተነከረበት ቤንዚን ነውና። መጀመሪያ ብልጭታ፣ ቀጥሎ ድምፅ፣ ከዚያ ግፊት፤ በዚህ ተራ ተመርምሮ የተበላሸ ሆኖ የተገኘ ፓምፕ ያለ ጸጸት ይቀየር።