እንቅልፍ የሚነሣ እግር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽና በሚኤሶ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው 325 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ጭሮ ይደርሳል። ብዙ ሰዎች ዛሬም በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ እያሉ ስለሚጠሯት ከተማይቱ ባለ ሁለት ስም ናት። ዛሬ ልናወራለት የተነሣነው በሽታ ግን በአማርኛችን የታወቀ አንድም ስም የለውም። ስም ስለሌለውም ለሐኪም አይነገርም፤ ያልተነገረውን ደግሞ ሐኪም ሊያክመው አይችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ቀኑን ሲሠራ ውሎ፣ እራቱን በልቶ ጋደም ባለ ጊዜ በባቱና በቅልጥሙ ውስጥ አንድ ነገር ይርመሰመስበታል። ሕመም ነው እንዳይባል አይወጋም፤ እከክ ነው እንዳይባል ቢያኩት አይገኝም። አንዱ «ጉንዳን ገባብኝ» ይላል፤ ሌላው «ጅማቴን ውስጥ ለውስጥ የሚጐትት አለ» ይላል። ዋናው ምልክት ግን እግርን ሳያንቀሳቅሱ መቆየት አለመቻል ነው። ተነሥተው ሲራመዱ ይተዋል፤ ተመልሰው ሲተኙ ይመለሳል። ቀን ያደባና ማታ ይነሣል። የውጭ አገር ሐኪሞች «ዕረፍት የለሽ እግር» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥተውታል፤ እኛም የተሻለ እስኪገኝ በዚሁ እንጠራዋለን።

እኛ ከዚህ በሽታ ጋር የተዋወቅነው በተማሪነታችን ጊዜ ነው። ለፈተና ስናጠና ከወንበራችን እየተነሣን ስንንጐራደድ የመኝታ ክፍል ጓደኞቻችን ፈተና ፈርተን ይመስላቸው ነበር። እኛም እውነት መስሎን ነበር። ከተመረቅን በኋላ ጭሮ የምትሠራውን እኅታችንን ልንጠይቅ በሄድንበት ጊዜ ትርፍ አንጀት ያዘንና ከምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች በአንዲቱ ኦፕራሲዮን ሆንን። ስሙን የማንጠራው ሐኪም ቤት ሥራውን ደኅና አድርጎ ሠርቷል። ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ከመግባታችን በፊት «ሌላ በሽታ አለብህን?» ተብለን ተጠይቀን «የለብንም» ብለናል። ጥፋቱም የእኛው ነበር።

ማታ ላይ የማቅለሽለሽ ስሜት ቢያስቸግረን ነርሷ ማስታወክ የሚከለክል መርፌ ወጋችን። ማቅለሽለሹ ተወን፤ ነገር ግን አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ እግራችን አበደ። በሆዳችን ላይ ስፌት፣ በእጃችን ላይ ጉሉኮስ አለ፤ መነሣት ክልክል ነው። የሚያውቀው ሰው ብቻ ያውቀዋል። መራመድ መድኃኒቱ የሆነ በሽታ አልጋ ላይ ታስሮ ሲገኝ ሌሊቱ አያልቅም። ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚያልፉትን የጭነት መኪናዎች ድምፅ አንድ በአንድ ስንቈጥር አደርን። እኅታችንም እግራችንን ስታሽ እንቅልፍ አጣች።

በአጠገባችን ባለው አልጋ ከሂርና ወዲያ የመጡ፣ ለቡአ ኦፕራሲዮን ተራቸውን የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ገበሬ ተኝተው ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ ቀና ብለው፣ «ልጄ፤ ሐራራው ነው። ትንሽ ቢያመጡልህ ኖሮ በለቀቀህ» አሉን። አለመቃማችንን ብንነግራቸው አላመኑንም፤ በጫት አገር እንዲህ ያለውን ቃል ከወጣት አፍ ሰምቶ ማመን ያስቸግራል። እኛ ግን አነጋገራቸውን በኋላ ስናስበው ትልቅ ነገር አገኘንበት። የገለምሶ ጫት አዲስ አበባ ድረስ በሚታወቅበት አገር ሌሊት የሚገላበጥ በሽተኛ ሁሉ ሐራራ ይዞታል፣ ወይም ጫት ያቋረጠውን በቅዠት የሚያስጨንቀው ዱካክ መጥቶበታል ተብሎ ይታለፋል። ሐራራ ግን ማዛጋትና መጫጫን ያለበት፣ በጥቂት ቀን የሚያልፍ ነገር ነው። ዕረፍት የለሽ እግር ለዓመታት ይቆያል፤ ጊዜው ማታ ነው፤ ሲራመዱም ይተዋል።

በሽታው አዲስ አይደለም። ቶማስ ዊሊስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1672 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በላቲን በጻፈው መጽሐፍ፣ አልጋ ላይ ሲወጡ እግራቸው አላስተኛ ብሎ በታላቅ ሥቃይ ቦታ እንዳሉ ያህል ስለሚሆኑ ሰዎች ተናግሮ ነበር። ዊሊስ ማለት በአንጎል ሥር ያለው የደም ሥሮች ክብ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራለት ሰው ነው። ከእርሱ በኋላ ነገሩ ተረስቶ ኖረና በ1945 ካርል አክሰል ኤክቦም የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም ብዙ በሽተኞችን መርምሮ ስሙን ሰጠው። ሌላው ስዊድናዊ ኖርድላንደር ደግሞ በ1950ዎቹ ውስጥ ብረት በደም ሥር እየሰጠ በሽተኞቹ ሲሻላቸው ተመለከተ። ከዚያ ወዲህ ከተደረገው ምርምር ብዙው የኖርድላንደርን መንገድ የሚያጠናክር ነው፤ በብዙ በሽተኞች አንጎል ውስጥ ብረት ያንሳል፤ ዶፓሚን የተባለው የአንጎል መልእክተኛም ሥራው ይዛባል።

አንባቢያችን ይህን ካወቀ ኦፕራሲዮን በሽታውን ለምን እንደሚያባብሰው ለማስተዋል አይቸገርም። በኦፕራሲዮን ደም ይፈሳል፤ ከደም ጋር ብረት ይሄዳል። በሽተኛው እንዳይንቀሳቀስ ይደረጋል። ከዚህም ሁሉ በላይ ማቅለሽለሽን የሚከለክለው ሜቶክሎፕራማይድ፣ በየሐኪም ቤቱ ፕላሲል የሚባለው፣ የሚሠራው ዶፓሚንን በመከልከል ነው። እንግዲህ ሆዱን ሲያስታግሥ እግሩን ያስነሣል። ፕሮሜታዚንና ሃሎፔሪዶልም እንዲሁ ናቸው። ኦንዳንሴትሮን የተባለው ግን የዶፓሚንን መንገድ ስለማይነካ ለእንዲህ ያለው በሽተኛ የተሻለ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የእግር በሽታ በሌለበት ሰው ላይም ቀንም ሌሊትም መላ ሰውነትን የሚያቁነጠንጥ ጭንቀት የሚያመጡበት ጊዜ ስላለ፣ ሁለቱን መለየት የሐኪም ሥራ ነው።

በማግሥቱ ሐኪሙ ሲመጣ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምረን ነገርነው። ሐኪሙም ወጣት ነበር፤ ሳይስቅብን አዳመጠንና መድኃኒቱን ለወጠው። «ይህን ትናንት ብትነግረኝ ኖሮ ሌሊቱን ባልባከነ» አለን። ቀጥሎም ጠቃሚ ነገር ነገረን። የብረት ክምችት የሚለካበት ፌሪቲን የተባለው የደም ምርመራ መደረግ ያለበት ከኦፕራሲዮን በፊት ነው፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ ሰውነት ስለሚቈጣ ቍጥሩ ከፍ ብሎ ያታልላል። የደም ማነስ የሌለበት ሰው እንኳ የብረት ክምችቱ አንሶ ሊገኝ ይችላል። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ፌሪቲኑ በሊትር ከ75 ማይክሮግራም ያልበለጠ ከሆነ ሐኪሞች ብረት ያዙለታል። ሳይመረመሩ ብረት መዋጥ ግን አይገባም፤ የበዛ ብረት ጉበትን ይጎዳል።

ለእግሩ የሚሆን መድኃኒት በየቀኑ የሚወስድ በሽተኛ ደግሞ ለኦፕራሲዮን እጾማለሁ ብሎ በገዛ ፈቃዱ እንዳያቋርጥ፤ በጥቂት ውኃ ይዋጥ እንደሆነ ሰመመን የሚሰጠውን ባለሙያ ይጠይቅ። የሚቅም ሰውም መቃሙን ለዚሁ ባለሙያ መናገር አለበት። ለቍስል ማስታገሻ የሚሰጡት እንደ ሞርፊን ያሉት ጠንካራ መድኃኒቶች እግሩንም አብረው ስለሚያስተኙ፣ እነርሱ በቆሙበት ቀን ማታ እግሩ እንደ አዲስ ሲነሣ በሽተኛው አይደንግጥ። ለሐኪሙ ይንገር እንጂ ከጎረቤት ኪኒን አይበደር።

በሁለተኛው ቀን መራመድ ተፈቀደልን። ስፌታችንን በእጃችን ደግፈን በአገናኙ መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ ስንል እግራችን እንደ ሕፃን ልጅ ዝም አለ። መተኛት ግድ በሆነበት ሰዓት ቁርጭምጭሚትን ማዞር፣ ባትን ማሳሸት፣ በውኃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግ ይረዳል። አእምሮን ሥራ ማስያዝም ይረዳል፤ ከእኅታችን ጋር ገበጣ ስንጫወት ያለፈው ሰዓት ቀለል ብሎናል። አንድ ነገር ግን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱ እግር ብቻ ያበጠ፣ የቀላ ወይም የጋለ፣ ሲነኩትም የሚያም እንደሆነ ይህ የእኛ በሽታ አይደለም። ደም በደም ሥር ውስጥ ረግቶ ሊሆን ስለሚችልና የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ስለሚገድል፣ እግሩን ሳያሹ ሐኪም ወዲያው መጥራት ይገባል።

ጠያቂዎቻችንን በሚመለከት አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። የሐረርጌ ሰው በሽተኛ ለመጠየቅ ባዶ እጁን አይመጣም። በፔርሙስ ሙሉ ሆጃ፣ ቡና፣ ሻይ እየመጣልን «ጠጣ፤ ጉልበት ይሆንሃል» ተብለናል። እንቢ ማለት ነውር ነው። ነገር ግን ማታ የተጠጣ ቡና የአንዳንዱን ሰው እግር ያስነሣል፤ ቡናም ሆነ ሻይ ከምግብ ወይም ከብረት ኪኒን ጋር ሲጠጣ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ጫትም እንቅልፍ ያባርራል፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ደሙን መተካት ለሚያስፈልገው ሰው ሁለቱም ጉዳት ናቸው። ስለዚህ ጠያቂዎቻችን ብርቱካንና ሎሚ እንዲያመጡልን እኅታችን በዘዴ አስታወቀች፤ የእነዚህ ጭማቂ ብረቱ እንዲገባ ያግዛል።

ጐረቤታችን አዛውንት ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲሰሙ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት በአገናኙ መንገድ ስንመላለስ ከኋላችን የሸበጥ ድምፅ ሰማን፤ ዘወር ብንል እርሳቸው ናቸው። «አባባ፤ ምነው እንቅልፍ አጡ?» አልናቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «ልጄ፤ ይህ የምትለው ነገር እኔንም ከያዘኝ ሃያ ዓመት ይሆናል። ሚስቴ በእርግጫ ስለማስቸግራት ከአልጋ ለይታኛለች። እርጅና ነው ብዬ ለማንም አልተናገርሁም» አሉን።

ጠዋት እጃቸውን ይዘን ለሐኪሙ እንዲነግሩት አደረግን። ኦፕራሲዮናቸው ገና ስለነበር ደማቸው አስቀድሞ ተመረመረ፤ በካርዳቸውም ላይ ፕላሲል እንዳይሰጣቸው ተጻፈ። ብረታቸው አንሶ ተገኘና ኪኒን ታዘዘላቸው። ሐኪሙ አወሳሰዱን ሲያስረዳቸው በጥሞና አዳመጡት፤ ሲጨርስ የጠየቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ሆጃውን ጨርሰው ይተዉ እንደሆነ። ጠዋት ይጠጡት፤ ከኪኒኑ ግን ሁለት ሰዓት ያርቁት ተባሉ። «እንግዲያስ እስማማለሁ» ብለው ፔርሙሳቸውን ወደ ራስጌያቸው አስጠጉ።