ከባሕር በታች ያለ መዝገብ፦ የሰመጡ መርከቦችና የቤተሰብ ታሪክ ፍለጋ

በአንዳንድ የአዲስ አበባ ቤቶች ግድግዳ ላይ ነጭ የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ይገኛል። ወጣቱ አባት፣ አጎት ወይም አያት ነው። «ባሕር ኃይል ነበር» ይባላል፤ በየትኛው መርከብ ላይ እንዳገለገለና የመርከቡ መጨረሻ ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ግን መልሱ ከአንዱ ዘመድ ወደ ሌላው ይለያያል። በሌሎች አገሮች የመርከበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ ፍለጋ የሰመጡ መርከቦች ወዳሉበት የባሕር ወለል ይጠልቃሉ። የብረት ስብርባሪ ስለ አንድ ሰው ሕይወት ምን ሊነግረን ይችላል? ምንስ ሊነግረን አይችልም?

ያልሰመጠው መርከብ

የመጀመሪያው ጥያቄ መርከቡ በእርግጥ ሰምጧል ወይ የሚለው ነው። የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ የነበረችውን «ኢትዮጵያ»ን እንውሰድ። ይህች 95 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት መርከብ በአሜሪካ ተሠርታ፣ «ኦርካ» በሚል ስም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰላማዊ ውቅያኖስ አገልግላለች። በ1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጥታ የብዙ ዕጩ መኮንኖች መሠልጠኛ ሆነች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሸች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 በዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ስለዚህ እርስዋን በቀይ ባሕር ወለል ላይ የሚፈልግ ሰው በከንቱ ይደክማል። በአንጻሩ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በምጽዋ በተደረገው ውጊያ የተመቱ መርከቦች አሉ። የእያንዳንዱን መርከብ ዕጣ ለይቶ ማወቅ ከመጥለቅ በፊት የሚሠራ የወረቀት ሥራ ነው።

ሰምጦ የተነሣው

ሁለተኛው ጥንቃቄ የሰመጠ ሁሉ ሰምጦ እንደማይቀር ማስታወስ ነው። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ምጽዋ በእንግሊዞች እጅ ስትወድቅ፣ ጣሊያኖች ወደቡን ለመዝጋት በርካታ መርከቦችንና አንድ ትልቅ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ ራሳቸው አሰመጡ። በ1934 ዓ.ም. አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ መጠገኛውን በዘጠኝ ቀን ውስጥ አነሣው።

ዘዴው በአምስት ኪሎ ግቢ በፈሳሽ መካኒክስ ትምህርት ከሚሰጡት ሕጎች የወጣ ነው። ቦምቦቹ የቀደዱት የመጠገኛውን ታች ነበር። ኤልስበርግ ላይኛውን ክፍል ካሳሸገ በኋላ የታመቀ አየር አስገባ፤ አየሩ ውኃውን በታችኞቹ ቀዳዳዎች ገፍቶ አስወጣው። በአርኪሜደስ ሕግ መሠረት ከቦታው የለቀቀ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ የባሕር ውኃ ከ1 ቶን ጥቂት የሚበልጥ የማንሣት ኃይል ይሰጣል። ነገር ግን በ15 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ 2.5 ከባቢ አየር ስለሆነ፣ አንዱን ሜትር ኩብ ቦታ ለመሙላት ከባሕር ወለል በላይ ሲለካ 2.5 ሜትር ኩብ የሚሆን አየር ያስፈልጋል። መጠገኛው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አየሩ ይለጠጣል፤ ትርፉም በዚያው ቀዳዳ ይወጣል።

ወለሉ ላይ የቀረው

ከሱዳን ወደብ አጠገብ የተኛችው «ኡምብሪያ» ደግሞ እስከ ዛሬ ካለችበት አልተነሣችም። በሀምቡርግ ተሠርታ «ባሂያ ብላንካ» ትባል የነበረችውን ይህችን መርከብ የጣሊያን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1935 ገዝቶ ወታደሮችን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ አመላለሰባት። ከወራሪው ጦር ጋር የተዋጉ አባቶቻችን ታሪክ በአንድ ጫፉ ከእርስዋ ጋር የተያያዘ ነው ማለት ነው። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ወደ ዓለም ጦርነት በገባችበት ዕለት፣ 360,000 ያህል ቦምብ እንደ ጫነች በገዛ ካፒቴንዋ ትእዛዝ ሰመጠች። ቦምቦቹ፣ ሦስት የፊያት አውቶሞቢሎችም፣ አሁንም በሆድዋ ውስጥ ናቸው።

ጠላቂው እንዲህ ያለውን መርከብ የሚያነበው እንደ ሰነድ ነው። ርዝመቱን ይለካል፤ የቦይለሮቹን ብዛትና የመድፎቹን መቀመጫ ይመዘግባል፤ ከዚያም ከፋብሪካው ንድፍ ጋር ያነጻጽራል። ቀይ ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ስለሚመጠጥ ዝገቱም ቀለሙም ግራጫ መስሎ ይታየዋል፤ ትክክለኛውን መልክ ለማየት መብራት መያዝ አለበት። ከሁሉም በላይ ገላውን መጠበቅ ይኖርበታል። በ30 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ 4 ከባቢ አየር ይደርሳል፤ በደሙም ውስጥ የሚሟሟው ናይትሮጅን ይጨምራል። ፈጥኖ ቢወጣ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ድንገት ሲከፈት እንደሚሆነው ሁሉ፣ ናይትሮጅኑ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ ይህም ሽባ ሊያደርግ፣ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ እያረፈ በዝግታ ይወጣል።

ብረት የማይናገረው

መርከቡ የትና እንዴት እንደ ሰመጠ ብረቱ ይመሰክራል። በዚያ ሌሊት በመርከቡ ላይ ማን እንደ ነበረ ግን አይናገርም። ይህን የሚናገሩት የአገልግሎት ማስረጃ፣ ደብዳቤ፣ የፎቶግራፍ ጀርባ ጽሑፍና በሕይወት ያሉ የሥራ ባልደረቦች ናቸው። ከአምስት ኪሎ ብዙ ሳይርቅ፣ ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የዘመኑን ጋዜጦች ማገላበጥ ይቻላል።

ደግሞም የሰመጠ የጦር መርከብ ብዙ ጊዜ መቃብር ነው። ምጽዋና ዳህላክ ዛሬ የኤርትራ ግዛት ናቸው፤ በዚያ ውኃ ውስጥ የሁለቱም ወገን ልጆች አርፈዋል። ያለ ባለ ሥልጣናቱ ፈቃድ መጥለቅ፣ ዕቃ ማንሣት ወይም ያልፈነዳ ጥይት መንካት አይገባም። የሚወሰደው ልኬትና ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ሞቃቱና ጨዋማው የቀይ ባሕር ውኃ ብረቱን በየዓመቱ ይበላዋል፤ ኮራሉም ይሸፍነዋል። ብረቱ ግን ገና አሥርተ ዓመታት ይቆይ ይሆናል፤ በ1954 ዓ.ም. በ«ኢትዮጵያ» ላይ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ መርከበኛ ዛሬ ከ80 ዓመት በላይ ነው። እንግዲህ በቤቱ ነጭ የደንብ ልብስ የለበሰ ፎቶግራፍ ያለው ተማሪ ፍለጋውን ከባሕሩ ሳይሆን ከሽማግሌው ይጀምር፤ የመርከቡን ስም፣ ቁጥሩንና የአገልግሎት ዘመኑን ዛሬውኑ ጠይቆ ይጻፍ።